ለምጣድ የምንሰጠውን ጆሮ ለሰው ነፈግነው

በይፋግ ገበያ፣ እንደ ሌላውም የደቡብ ጎንደር ገበያ ሁሉ፣ ምጣድ ልትገዛ የመጣች ሴት ዓይኗን ብቻ አታምንም። ምጣዱን በጠርዙ ታቆመዋለች፣ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች፣ ጆሮዋን አስጠግታም ታዳምጣለች። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ፊቱ የቱንም ያህል ቢያምር ድምፁ ይታፈናል። ከብት ተራ የወረደ ገበሬም በሬን በቆዳው ቀለም አይገዛም። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ይገምታል፣ ወዲያና ወዲህ አስኪዶ እግሩን ያያል፣ ጫንቃውን ዳብሶ ቀንበር የለመደ መሆኑን ያረጋግጣል። ጤፍ የሚሸምተውም እፍኝ ዘግኖ፣ በመዳፉ አሽቶና እፍ ብሎ አፈሩን ሳይለይ ዋጋ አይቆርጥም። ገንዘቡ በላብ የተገኘ ነውና ጥንቃቄው ይገባል። የሚያሳዝነው ያንን ምጣድ አፈሩን ቆፍራ፣ ጭቃውን ለውሳ፣ አቃጥላና በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ያደረሰችው ሴት ተራ ሲደርስ ነው። እሷን አንኳኩቶ የሚያዳምጥ የለም። ለምጣዷ ሁለትና ሦስት ጊዜ የተሰጠው ዕድል ለራሷ አንዴም አይሰጣትም። ገና ከሩቅ ስትታይ «ቡዳ ናት፣ ዓይኗን ፍሩ» ተብሎ ተፈርዶባታል።

የምሟገተው ይህን ፍርድ ከሚያሳድገው አስተሳሰብ ጋር ነው። አስተሳሰቡ በአገራችን የጥበብ ልብስ ለብሶ ይኖራል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ይላል፤ «ለሰው ሞት አነሰው» ብሎም ይጨምራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጦርነቱ፣ እገታውና ኑሮ ውድነቱ ተደራርበው ጉልበት ሰጥተውታል። ያልታወቀ ሰው ሁሉ «ፀጉረ ልውጥ» ተብሎ ይጠራል፤ ቃሉ ራሱ ፀጉር ዓይቶ ሰውን መለየት ይቻላል የሚል እምነት በሆዱ ይዟል። አስተሳሰቡ በሁለት እግር ይቆማል። አንደኛው፣ ሰው በመጀመሪያ እይታ ይታወቃል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የማናውቀው ሰው ደግነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ክፉ እንደሆነ መቁጠር ይሻላል የሚለው ነው። ሁለቱም እግሮች ሽባ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዕለታዊ ደግነትን፣ ማለትም ሰላምታን፣ አንድ ጣሳ ውኃን፣ ሸክም ማውረድን፣ ስም መጠየቅን፣ የዋሆች ብቻ የሚያደርጉት አድርገን ማየታችንም ስሕተት ነው። ደግነት ሰውን የማወቂያ መንገድ ነው፤ ምጣዱን እንደምናንኳኳበት ጣት ነው።

በመጀመሪያው እግር እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፊት ለአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ እንዲያዩ አድርገው ታማኝነቱን አስገመቷቸው። በዚያች ብልጭታ ውስጥ ገማቾቹ ፍርዳቸውን ጨርሰው ነበር። ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷቸው ሲያዩም ፍርዱ ብዙም አልተለወጠም፤ የጨመረው በፍርዳቸው ላይ ያላቸው እርግጠኝነት ነው። ይህ ውጤት ሊያስደነግጠን ይገባል። «ልቤ ነግሮኛል» የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የዓይን ችኮላ ሆኖ ይገኛል፤ አፍጥጦ መቆየትም ስሕተቱን አያርመውም፣ ያጠነክረዋል እንጂ። ፍርዱን የሚለውጠው ሌላ ዓይነት ማስረጃ ሲገባበት፣ ሰውየው ሲናገር ስንሰማው፣ ሲሠራ ስናየው፣ አብረነው ስንቀመጥ ነው። አባቶቻችን ይህን ሳያውቁ አልቀሩም። «የወፍ ወንዱ የሰው ሆዱ አይታወቅም» ይላሉ። ዛሬ ተረቱ ለጥርጣሬ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል፤ በቀጥታ ሲነበብ ግን ጥርጣሬንም ይከለክላል። የሰው ሆድ የማይታወቅ ከሆነ ክፋቱም በመልኩ አይታወቅም። ተረቱ የሚያዘው ፍርድን ማቆየት ነው።

ደብረ ታቦር ይህን ትምህርት በታሪኳ ተምራዋለች። ራስ ዓሊ ከዚህች ከተማ አገር ሲገዙ የቋራው ካሣ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ተራ ሽፍታ ነበር። ጠላቶቹ እናቱ ኮሶ ትሸጥ ነበር እያሉ ይሳለቁበት ነበር። የሰውን አቅም በእናቱ መተዳደሪያ የለኩት ሰዎች ልካቸው የተሳሳተ መሆኑን የተረዱት ዘግይተው ነው፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ዐይሻል ላይ የራስ ዓሊ ሥልጣን አበቃ፣ በየካቲት 1847 ካሣ ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከደብረ ታቦር በቅርብ ርቀት ባለችው ጋፋት ደግሞ ንጉሡ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያን ባለሙያዎችንና የአገሩን ሠራተኞች አሰባስበው መድፍ አሠሩ። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከዚያ ወጥቶ ነው እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት የተጎተተው። ባላገሩ ከማዕድ የሚያርቀውና በሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ብረት ቀጥቃጭ፣ ንጉሡ ግን የመንግሥታቸውን ተስፋ የጣሉበት ሙያ ባለቤት ነበር። የዚያው ታሪክ መጨረሻም ያስተምራል። በኋላ ዘመናቸው ንጉሡ ራሳቸው ሁሉን ተጠራጣሪ ሆኑ፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ዋና ከተማቸውን ደብረ ታቦርን በእሳት አቃጠሉ። በንቀት የተጀመረው ንጉሥ በጥርጣሬ ጨረሰ፤ ዋጋውን የከፈለችው ከተማዋ ናት።

የእጅ ባለሙያን መናቅ ተራ ነቀፋ ሆኖ አላበቃም፤ አገርን አደኽይቷል። ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ቆዳ አልፊው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ በኀፍረት የሚተላለፍ ዕዳ ሆነ። ማረሻውን የሠራለት ሰው ጥላ እንዳያርፍበት የሚሸሸው ገበሬ፣ ያ ማረሻ ከዘመን ዘመን ሳይሻሻል መቅረቱ ከራሱ ስድብ ጋር እንደሚያያዝ አላስተዋለም። ዐፄ ምኒልክ ይህን ዓይተው በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ስድቡ ከአፋችን አልወጣም። ይህ የሚያሳየን ነገር አለ። አዋጅ አፍን ሊያስፈራ ይችላል፤ ዓይንን ግን አያርምም። ዓይን የሚታረመው በየዕለቱ በሚደረግ ትንሽ ነገር፣ ማለትም አብሮ ቡና በመጠጣት፣ በለቅሶ ቤት አብሮ በመቀመጥ፣ ልጇን ከልጅህ ጋር በማጫወት ነው። ቡዳ የተባለችው ሴት ቤት ቡና የጠጣ ሰው በማግስቱ ጤነኛ ሆኖ ሲነሣ፣ አዋጁ ያልቻለውን አንድ ስኒ ይችለዋል።

የመጀመሪያ እይታ የሚያስከፍለው ዋጋ አንዳንዴ ነፍስ ነው። ይፋግ በምትገኝበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየተመቱ፣ እየከሱና ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። አካባቢው ወባ የሚያውቀው በመሆኑ በሽታው ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱ ሳይሠራ ሲቀርም ወባው መድኃኒት ተላምዷል ተብሎ ታሰበ። በ1997 ዓ.ም. በተደረገ ምርመራ ነው ካላዛር መሆኑ የታወቀው፤ የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው፣ ሳይታከም ከቀረ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ነው። በአዲስ ዘመን ከተማ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት የሕክምና ማዕከል ተከፍቶ የብዙ ሰው ነፍስ ተረፈ። ወባ ነው ያሉት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ የሚያውቁትን ነገር ዓይተው ነው። ሰው ያዳነው ግን ከሚታወቀው ስም አልፎ ሁለተኛ ጊዜ የመረመረው ነው። በተቃራኒው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. እዚሁ በክልላችን በአዲስ ዓለም ከተማ ለጤና ጥናት የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች ልጆችን ሊመርዙ ነው በሚል ወሬ በተቆጣ ሕዝብ ተገደሉ። እዚያ ሁለተኛ የሚመለከት አልተገኘም። ልጅን ከመርዝ ለማዳን የተነሣ ሕዝብ በቅንነት፣ ነገር ግን በአንድ እይታ ፈርዶ፣ ለልጆቹ ጤና የደከሙትን ገደለ። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው ጥበብ መጨረሻው ይኸው ነው፤ ተቀብሮም እውነቱ ሲወጣ የሚመልሰው የለም።

ወደ ሁለተኛው እግር እንለፍ። የማናውቀው ሰው ክፉ ነው ብሎ መጀመር ከእውነታው ጋር ይስማማል? እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በ40 አገሮች ከ17 ሺህ በላይ የጠፉ የሚመስሉ ቦርሳዎችን ለባንክ፣ ለሆቴልና ለመሰል ቦታዎች ሠራተኞች ሰጥቶ ስንቱ ለባለቤቱ መልእክት እንደሚልክ ተከታተለ። ገንዘብ ከሌለባቸው ቦርሳዎች 40 በመቶው ገደማ ባለቤት ሲፈለግላቸው፣ ገንዘብ ከነበረባቸው ግን 51 በመቶው ተፈለገላቸው። ተጠይቀው የነበሩ ሰዎች፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ጭምር፣ እንዲህ ይሆናል ብለው አልገመቱም ነበር። ሰው ራሱን እንደ ሌባ እንዳያይ የሚከለክለው ነገር በልቡ አለ፤ ገንዘቡ ሲበዛ ይህ ነገር ይበረታል። ከዚህ የምንረዳው ሰዎች ሁሉ ጻድቃን መሆናቸውን አይደለም፤ ግማሽ ያህሉ ቦርሳ ጠፍቶ ቀርቷል። የምንረዳው ስለ ሰው ያለን ግምት ሰው ራሱ ከሆነው በታች መሆኑን ነው። ለዚህ ከእኛው ምድር ማስረጃ ካስፈለገም፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ጋይንት ሲዘልቅ የተፈናቀሉ ሰዎች ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ዙሪያው ሲጎርፉ ምን እንደሆነ ማስታወስ ይበቃል። የዕርዳታ እህል ከመድረሱ በፊት የደረሰው የከተማው ሰው እንጀራ ነው።

ደግሞም ይህ ምድር ዝናውን ያገኘው የማያውቀውን ሰው በመመገቡ ነው። ከዙር አምባ ዝማሬ መዋሥዕት፣ ከቤተ ልሔም ድጓ ለመማር ከሩቅ አገር የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ በበር ላይ እንመልከተው። ደበሎ ለብሷል፣ እግሩ ባዶ ነው፣ አኩፋዳ አንጠልጥሏል፣ በአንድ እጁ የውሻ መከላከያ ዱላ ይዟል። ውሻው ሲጮህበት እሱ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። በመጀመሪያ እይታ ከለማኝ የሚለየው ነገር የለም። የቤቱ እመቤት የት እንደተወለደ፣ ምን እንዳሰበ፣ መታወቂያ እንዳለው አትጠይቀውም፤ ቁራሽ እንጀራ አኩፋዳው ውስጥ ትከታለች። የአገራችን ሊቃውንት በብዛት ያደጉት በእንዲህ ያለ ቁራሽ ነው። በዚያ በር ላይ የቆመው ልጅ ነገ ምን እንደሚሆን ማንም በደበሎው ማወቅ አይችልም ነበር። የዚህ ምድር ልጅ፣ ፎገራ ናበጋ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐናም የሚያስተምሩን ይህንኑ ነው። ሕዝቡ በአብዛኛው የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው፤ ዛሬም ስማቸው ሲነሣ ሰው ለመሣቅ ይዘጋጃል። የቀልዱን ፊት አልፎ የሚመለከት ግን፣ ልጃቸው ተክሌ ያስፋፋውንና በስሙ የሚጠራውን የተክሌ አቋቋም የፈጠሩትን ታላቅ ሊቅ ያገኛል። የምንወደውን ሰው እንኳ በአንድ ፊቱ ብቻ ስናውቀው ግማሹን እንቀብረዋለን።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ ልመልስ። «የምትለው ለሰላም ጊዜ ነው፤ ሰው በሚታገትበትና ጥይት በሚሰማበት ዘመን ለማያውቁት በር መክፈት ራስን አሳልፎ መስጠት ነው» የሚል አለ። ሥጋቱ እውነተኛ ነው፤ በዚህ ዘመን ሰው በሌሊት በሩን ባይከፍት ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ነገር ግን ጥንቃቄና ፍርድ የተለያዩ ናቸው። ጥንቃቄ ድርጊትን ይመለከታል፦ ሰውየው ምን ይዟል፣ ምን ይጠይቃል፣ ለምን በሌሊት መጣ? ፍርድ ግን ፀጉሩን፣ አነጋገሩን፣ ልብሱን ዓይቶ ያበቃል። አጋችም ሆነ አጭበርባሪ ደግሞ የሚደክመው ደግ ለመምሰል ነው፤ ክፉ መስሎ የሚመጣ ሌባ ብዙ አይሰርቅም። ልብሱን አሳምሮ፣ ንግግሩን አለስልሶ፣ ዘመድ መስሎ ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ እይታ የሚፈርድ ሰው ለወንጀለኛ ከሁሉ የቀለለ ታዳኝ ይሆናል፤ ድሀውንና ንጹሑን ገፍቶ፣ የበግ ለምድ የለበሰውን ያስገባል። ባላገሩ ከጥንት የነበረው የጸጥታ ዘዴ ከዚህ የተሻለ ነበር። መንገደኛ ሲመጣ ጤና ይስጥልኝ ይባላል፣ ውኃ ይሰጠዋል፣ ይቀመጣል፣ ከየት እንደመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ወዴት እንደሚሄድ በጨዋታ መካከል ይጠየቃል። ውኃው እስኪጠጣ ድረስ ሰውየው ይታወቃል። ያባረሩት ሰው ግን ሳይታወቅ ይሄዳል፤ ሳይታወቅም ጨለማ ውስጥ ይቆያል። ደግነቱ ራሱ ምርመራ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ክርክር አለ፤ «ሽማግሌዎች ሰውን ዓይተው ያውቃሉ፤ ልምድ ዋጋ የለውም ወይ?» የሚል። ልምድ ዋጋ አለው፤ ሽማግሌዎቹ በተግባር የሚያደርጉትን ግን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ዛፍ ሥር ለእርቅ የተቀመጠ ሽማግሌ ከሳሽንና ተከሳሽን በየተራ ሳይሰማ ቃል አይወጣውም። የአንዱን ቃል ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሽማግሌ በመንደሩ ዳግመኛ አይጠራም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ በነፍስ ግድያ ለተከሰሰ ሰው ያልነፈግነውን መብት፣ ምንም ላላጠፋችው ሸክላ ሠሪ፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ከቆላ ሰሊጥ አጭዶ ለሚመለሰው ወጣት በመንገድ ላይ እንነፍጋለን። የእኛም ልጆች መተማና ሁመራ ወርደው ሲሠሩ እዚያ ፀጉረ ልውጥ እነሱ ናቸው። እዚያ እንዲደረግላቸው የምንመኘውን እዚህ ማድረግ አለብን።

«ደግነት ለባለጸጋ ነው፤ እኛ ራሳችን ቸግሮናል» የሚሉም አሉ፤ «ደግነት ሰነፍ ያበዛል» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ደግነትን ከምጽዋት ጋር ያምታታሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የጆን ዳርሊና የዳንኤል ባትሰን ጥናት ለዚህ ጥሩ መልስ ይሰጣል። ተመራማሪዎቹ የሥነ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንጻ ሲልኳቸው፣ በመንገዳቸው ላይ ታሞ የወደቀ የሚመስል ሰው አስቀመጡ። ካልተቻኮሉት 63 በመቶው ቆመው ሲረዱት፣ «ዘግይተሃል፣ ፍጠን» ከተባሉት ግን 10 በመቶው ብቻ ቆሙ። ከተማሪዎቹ ገሚሱ ይሄዱ የነበረው ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብኩ ነበር። ደግነትን የገደለው ድህነት አልነበረም፤ ክፋትም አልነበረም፤ ችኮላ ነው። ችኮላ ደግሞ ድሀም ባለጸጋም ሊተወው የሚችል ነገር ነው። የተሸከመን ሰው «ጎሽ፣ ላውርድልህ» ማለት፣ በመኪና ላይ ለነፍሰ ጡር መቀመጫ መልቀቅ፣ መንገድ የጠፋበትን ማሳየት፣ ስም መጠየቅና በስም መጥራት ማንንም አያስንፍም፣ ማንንም አያደኸይም።

የመጨረሻው ተቃውሞ በጣም የሚያኮራን ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻል። «እኛ እንግዳ ተቀባዮች ነን፤ ይህ ምክር ለእኛ አይደለም» ይባላል። እንግዳ ተቀባይነታችን እውነት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ ተጓዦች ከበጌምድር ትላልቅ ገበያዎች አንዱ ብለው የጻፉላት ይፋግ ያለ እሱ አትኖርም ነበር። አሞሌ ጨው የጫነ ነጋዴና ከሩቅ የመጣ እስላም ሲራራ ከማያውቀው ገበሬ ጋር ይገበያይ የነበረው መተማመን ስለነበረ ነው። ነገር ግን ደግነታችንን ለእንግዳ ባደረግነው መለካት ይበቃል? እንግዳ ነገ ይሄዳል፤ ተቀብለነው ተመስግነን እንቀራለን። የደግነት ፈተና የማይሄደው ሰው ነው፤ ከወንዙ ማዶ ባለች ጎጆ የምትኖረው፣ በሰርጋችን የማትጠራው፣ ምጣዷን ገዝተን ሽሮዋን የማንቀምስላት ጎረቤታችን። የእግዜር እንግዳ ብለን የማናውቀውን አልጋችን ላይ አስተኝተን፣ የምናውቃትን ሸክላ ሠሪ ከደጃችን ካራቅን፣ እንግዳ ተቀባይነታችን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ሁሉ መልሱ በእጃችን ያለ ነው። በመጪው የገበያ ቀን ምጣዱን አንኳኩታችሁ፣ ድምፁ ጥርት ብሎ ደስ ሲላችሁ፣ ዋጋውን ከፍላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የሠራችውን ሴት እዩአት። ስሟን ጠይቋት፣ ስማችሁን ንገሯት። ሲደክማት ዓይታችሁ ከሆነ የቀረውን ሸክላዋን በማሸከም አግዟት። በሚቀጥለው ገበያ በስሟ ጥሯት። ሰውን ለማመን እስኪቀበር መጠበቅ የለብንም፤ ቆሞ ሳለ ማዳመጥ ይበቃል።